የጠጠር ካባና የጎረቤት ጉድጓድ

የጠጠር ካባ ከከርሰ ምድር ውሃ ወለል በታች ሲወርድ ውሃ ይሞላዋል። ኤክስካቫተሩና ገልባጭ መኪናው በደረቅ መሬት ላይ እንዲሠሩ ውሃው በፓምፕ እየተሳበ ወደ ውጭ ይጣላል። ፓምፑ እስከሠራ ድረስ ካባው በዙሪያው ካሉት ጉድጓዶች ሁሉ የሚበልጥ ግዙፍ ጉድጓድ ነው፤ ከእነሱ ጋር ከአንድ ንብርብር ይስባል፣ ከእነሱም በታች ይወርዳል። ልዩነቱ የሚወጣው ውሃ ለመጠጥም ሆነ ለመስኖ ተፈልጎ አለመሆኑ ነው። ሥራውን ስለሚያሰናክል ብቻ ይወገዳል፤ ስለዚህም ብዙውን ጊዜ ማንም አይለካውም።

በሰሜን ወሎ ሀብሩ ወረዳ ጠጠርና የጉድጓድ ውሃ ጎን ለጎን የሚገኙት በአጋጣሚ አይደለም። ከደሴ የሚመጣው ዋና መንገድ ወርጌሳን፣ መርሳንና ሲሪንቃን አልፎ ወልድያ እስኪደርስ የሚጓዘው በተራራ ግርጌ ነው። በምዕራብ በኩል በአብዛኛው ከባዛልት የተሠራው የወሎ ደጋ አፋፍ ቆሟል፤ በምሥራቅ በኩል መሬቱ ወደ አፋር ዝቅታ ያዘቀዝቃል። ከአፋፉ የሚወርደው ጎርፍ ሜዳው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክማል። መጀመሪያ ትልልቁን ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጠጠርና አሸዋውን፣ መጨረሻ ላይ ደለሉን ያራግፋል። ይህ ሥራ በሺህ ዓመታት ሲደጋገም በተራራው ሥር የጠጠር፣ የአሸዋና የሸክላ ንብርብሮች ተደራርበው ተከምረዋል። ከአዲስ አበባ 508 ኪሎ ሜትር ርቆ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኘው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ያለበት ይህ አካባቢ በዓመት በአማካይ 900 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ያገኛል። ዝናቡ ግን በበልግና በክረምት ተከፍሎ የሚወርድ፣ በልጉም ብዙ ጊዜ የሚያታልል ነው። በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት ብዙዎቹ ወንዞች ላይ ላዩን ይደርቃሉ። ውሃቸው ከድንጋዩና ከአሸዋው ሥር ይቀራል።

ለግንባታ የሚፈለገው ጠጠር ያለበትም እዚያው ነው። ጎርፍ አጥቦና ለይቶ ያስቀመጠው ጠጠር ጭቃ ስለማይበዛበት ለኮንክሪት ይመረጣል፤ ውሃ የሚያሳልፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ንጹሕ ጠጠር ውስጥ ያለው ውሃ ተንጠፍጥፎ ቢወርድ ከአንድ ሜትር ኩብ ከ200 እስከ 250 ሊትር ይገኛል። ሸክላ በጠቅላላው ከዚህ የበለጠ ውሃ ሊይዝ ቢችልም አጥብቆ ስለሚይዘው የሚለቀው ጥቂት ነው። ጉድጓድ ቆፋሪው አሸዋና ጠጠር ሲያገኝ የሚደሰተውም፣ ጠጠር አውጪው የሚደሰተውም በዚያው ንብርብር ነው።

እዚህ ላይ ሁሉም ካባ አንድ አለመሆኑን መለየት ያስፈልጋል። ከወልድያ በስተምሥራቅ እስከምትገኘው ሀራ ገበያ ድረስ ለታቀደው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚረዝመው የባቡር መስመር ከሐዲድ ሥር የሚነጠፈው ድንጋይ ጠንካራ አለት ተፈልፍሎና በክሬሸር ተፈጭቶ የሚገኝ ነው። እንዲህ ያለው ካባ ብዙ ጊዜ በኮረብታ ጎን ላይ ስለሚከፈት የውሃ ወለል ላይ ላይደርስ ይችላል፤ አቧራና ፍንዳታ ያስቸግር ይሆናል እንጂ የጎረቤትን ጉድጓድ አያነጥፍም። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች በበጋ ከደረቅ ወንዝ ላይ በአካፋ የሚጭኑት አሸዋም ከውሃው ወለል በላይ እስከሆነ ድረስ ፓምፕ አይፈልግም። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ የሚጀምረው ቁፋሮው ውሃ ሲነካና ሞተር ሲነሣ ነው።

ውሃ በአሸዋና በጠጠር ውስጥ የሚጓዝበትን ሕግ ያገኘው ሄንሪ ዳርሲ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው። የዲዦን ከተማ የውሃ ሥራ ሲያጠና ያገኘውን ውጤት እ.ኤ.አ. በ1856 አሳተመ። ሕጉ ቀላል ነው፤ የሚያልፈው ውሃ መጠን የሚወሰነው በውሃው ወለል ተዳፋትነትና ንብርብሩ ውሃን በሚያሳልፍበት አቅም ነው። ከካባው ውስጥ ውሃ ሲወጣ በዚያ ያለው ወለል ዝቅ ይላል፤ በዙሪያው ያለውም ከፍ ካለበት ወደ ዝቅተኛው መፍሰስ ይጀምራል። ለመፍሰስ ግን ተዳፋት ያስፈልገዋል፤ ተዳፋቱም የሚፈጠረው የአካባቢው ወለል ራሱ ሲወርድ ነው። ስለዚህ በካባው ዙሪያ የውሃው ወለል ጫፉ ወደ ታች የተገለበጠ ሾጣጣ ቅርጽ ይይዛል። ካባው አጠገብ በጣም ይጎደጉዳል፣ በራቀ ቁጥር እየተለጠጠ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ከቀድሞው ወለል ጋር ይገጥማል። ሾጣጣው በአንድ ቀን አይፈጠርም። በመጀመሪያ ፓምፑ የሚስበው በቅርብ ያለውን ክምችት ነው፤ ከዚያ እየሰፋ የሚሄደው ከወንዝ፣ ከዝናብ ወይም ከሌላ ምንጭ የሚገባው ውሃ ከሚሳበው ጋር እስኪመጣጠን ድረስ ነው።

ስንት ሜትር ድረስ ይሰፋል? እ.ኤ.አ. በ1863 ዡል ዱፕዊ ውሃ ወደ ጉድጓድ የሚፈስበትን ስሌት አስቀምጧል። የተፅዕኖውን ክልል በግምት ለማግኘትም መሐንዲሶች እስከ ዛሬ የዚሻርት ቀመር የሚባለውን ይጠቀማሉ። በሜትርና በሴኮንድ ሲሰላ፣ ወለሉ የወረደበት መጠን በ3,000 ተባዝቶ እንደገና በንብርብሩ የማሳለፍ አቅም ስኩዌር ሩት ይባዛል። ቀመሩ ሻካራ ነው፤ የወንዝ ቅርበትንም ሆነ የጊዜን ርዝማኔ አያውቅም። የነገሩን ልክ ለማሳየት ግን ይበቃል።

ከሸክላ ወለል በላይ 12 ሜትር ውፍረት ያለው፣ ውሃ የሞላው የጠጠርና አሸዋ ንብርብር አለ እንበል፤ የማሳለፍ አቅሙም በሴኮንድ 1 ሚሊ ሜትር ይሁን። ይህ ለደህና ጠጠራማ አሸዋ የተለመደ ልክ ነው። 30 ሜትር ሬዲየስ ያለው ካባ ውስጥ ውሃው በ4 ሜትር ዝቅ እንዲል ቢደረግ ሾጣጣው 380 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከካባው መሐል 100 ሜትር ላይ ባለ ጉድጓድ ውሃው በ1.9 ሜትር፣ 200 ሜትር ላይ በ0.9 ሜትር፣ 300 ሜትር ላይ በ0.3 ሜትር ይወርዳል። ካባውን በዚያ ሁኔታ ለማቆየት የሚወጣው ውሃ በሴኮንድ ወደ 100 ሊትር፣ በቀን 8,500 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ለገጠር ነዋሪ በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በተቀመጠው በቀን 25 ሊትር ሲመዘን ከ340 ሺህ በላይ ሰው የሚያጠጣ ማለት ነው። ንብርብሩ ጭቃ የበዛበትና የማሳለፍ አቅሙ አሥር ጊዜ ያነሰ ቢሆን ኖሮ ሾጣጣው 120 ሜትር ላይ ያበቃ ነበር፤ የሚወጣውም ውሃ በሴኮንድ 18 ሊትር ገደማ ይሆን ነበር። ጠጠሩ በጠራ ቁጥር ጉዳቱ ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ ለጠጠር አውጪው የተሻለው ቦታ ለጎረቤት የባሰው ነው።

የውሃው ወለል በ1.9 ሜትር ወረደ ማለት ለአንዱ ጉድጓድ ምንም፣ ለሌላው ሞት ሊሆን ይችላል። የሚወስነው በጉድጓዱ ውስጥ የቆመው ውሃ ቁመት ነው። በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ውሃው ከተገኘ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ሜትር ብቻ ይወርዳል፤ ቆፋሪው ውሃ ውስጥ ቆሞ ከዚያ በላይ መሥራት ስለሚያቅተው። እንዲህ ያለው ጉድጓድ 100 ሜትር ላይ ካለ ይነጥፋል፣ 200 ሜትር ላይ ካለ ግማሽ ያህሉን ያጣል። በቆቦና በጊራና ሸለቆዎች ለመስኖ እንደተቆፈሩት ዓይነት በመሣሪያ የተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ግን በሁለት ሜትር መውረድ የሚደርስበት የኤሌክትሪክ ወይም የነዳጅ ወጪ መጨመር ነው። ምንጮች ከሁሉም ይብሳሉ። ምንጭ የውሃው ወለል ከመሬት ፊት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ስለሆነ ወለሉ በጥቂት አሥር ሴንቲ ሜትር ሲወርድ እንኳ ሊቆም ይችላል፤ ጠልቆ የሚከተልበት መንገድ የለውም።

ከዚህም ሌላ ውሃ እያለ ውሃ የማይገኝበት ሁኔታ አለ። ገበሬዎች ለሽንኩርትና ለቲማቲም የሚጠቀሙበት አነስተኛ ሞተር ፓምፕ ከመሬት በላይ ተቀምጦ ውሃውን በመምጠጥ ይስባል። ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የአየር ግፊት ነው። በባሕር ወለል ላይ ይህ ግፊት ቢበዛ 10.3 ሜትር ያነሣል፤ በሲሪንቃ ከፍታ ላይ ከ8 ሜትር ብዙም አያልፍም። የቱቦው ሰበቃና የአየር መሹለክ ሲቀነስ በሥራ ላይ የሚቀረው 5 ወይም 6 ሜትር ነው። ስለዚህ ውሃው ከ5 ሜትር ወደ 7 ሜትር ሲወርድ ጉድጓዱ ውስጥ ገና ሦስት ሜትር ውሃ ቢኖርም ፓምፑ ያንገራግርና ያቆማል። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የሚወስደው መፍትሔ ፓምፑን በጉድጓዱ ውስጥ እርከን ሠርቶ ዝቅ ማድረግ ነው። ይህ ሕይወት የሚያጠፋ ሥራ ነው። የሞተሩ ጭስ የያዘው ካርቦን ሞኖክሳይድ በጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ይከማቻል፤ ሽታም ሆነ ቀለም ስለሌለው የወረደው ሰው ሳያውቀው ራሱን ይስታል፣ ሊያወጣው የሚወርደውም እንዲሁ። የውሃ መውረድ ጉዳት ከውሃ እጥረት ባሻገር እንዲህ ያለ መንገድ አለው። የእጅ ፓምፕ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ሲሊንደሩ ውሃው ውስጥ ስለሚቀመጥ ከታች ወደ ላይ ያነሣል። ሲሊንደሩ ራሱ ከውሃ በላይ ከቀረ ግን እጀታው ባዶውን ይወርዳል ይወጣል፤ ያን ጊዜ የውሃ ኮሚቴው ቱቦ መጨመር አለበት፣ የጉድጓዱ ወለል ከፈቀደ።

ወቅቱም ነገሩን ያወሳስበዋል። የውሃው ወለል በክረምት መጨረሻ፣ በመስከረም አካባቢ ከፍ ይላል፤ በልግ ካልረዳው እስከ ሰኔ ድረስ ሲወርድ ይከርማል። ካባው በብዛት የሚሠራው በበጋ ነው፤ መንገዱ ደረቅ ነው፣ ጎርፍ የለም፣ የግንባታ ሥራውም ይጦፋል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ወለሉ በራሱ ስለወረደ ካባውን ለማድረቅ ጥቂት ነዳጅ ይበቃል። ጉድጓዶቹም የመጨረሻዋን ውሃቸውን ይዘው የሚቆዩት በእነዚያው ሳምንታት ነው። መስከረም ላይ ሁለት ሜትር ቢወርድበት የማይሰማው ጉድጓድ ሰኔ ላይ በግማሽ ሜትር ይነጥፋል።

ፓምፕ ሳይኖርም ጠጠር ማውጣት ውሃን ሊያወርድ የሚችልበት መንገድ አለ፤ በጎርፍ ወንዞች አካባቢ ምናልባት ከፓምፑ የበለጠ የሚያሳስበው ይህ ነው። በወንዝ ወለል ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ሲከፈት የሚቀጥለው ጎርፍ ወደ ውስጡ ሲወርድ ፍጥነት ያገኛል፤ የጉድጓዱን የላይኛውን ጠርዝ ይንደዋል፤ ንደቱም ጎርፍ በመጣ ቁጥር ወንዙን ተከትሎ ወደ ላይ ይወጣል። ጉድጓዱ የያዘው ደለል ወደ ታች ስለማይደርስ በታችኛው በኩልም የተራበው ጎርፍ ወለሉን ይፍቃል። የወንዙ ወለል በሁለት ሜትር ሲወርድ ከሥሩና ከዳሩ ያለው ውሃም ወደ አዲሱ ወለል ይንጠፈጠፋል። ሞተር ሲቆም ሾጣጣው ይሞላል፤ የወረደ ወንዝ ግን በቀላሉ አይመለስም። የጎርፍ ጠለፋ ቦዮች አፋቸው ከወንዙ በላይ ተሰቅሎ ይቀራል፣ የድልድይ ምሰሶዎችም መሠረታቸው ይራቆታል።

ጉድጓዱ የነጠፈበት ሰው ካባውን ይወቅሳል፤ የካባው ባለቤት ድርቁን በምክንያትነት ያነሣል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መገባደጃ ሲደርቅ ለሐረር ከተማ የሚሳበው ውሃ፣ የጫት መስኖው፣ ከተራቆተው ተዳፋት የሚወርደው ደለልና የአየር ጠባዩ በአንድነት ተጠቅሰዋል፤ የእያንዳንዱን ድርሻ ለይቶ ማስቀመጥ አስቸጋሪ የሆነው በሁሉም ላይ የቆየ ልኬት ስላልነበረ ነው። በካባ ዙሪያ ያለው ክርክር ከዚያ በጣም ያነሰ ስለሆነ በቀላሉ ሊፈታ ይችላል፤ ልኬቱ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ከተወሰደ ብቻ።

የሚያስፈልገው ረጅም ሜትርና ጫፉ ላይ የሚታሰር ክብደት ነው። ሜትሩ ላይ ጠመኔ ቢቀባ ውሃው የነካበት ቦታ በግልጽ ይታያል። ልኬቱ ሁልጊዜ ከአንድ ምልክት፣ ለምሳሌ ከጉድጓዱ አፍ ቀለም ከተቀባ ነጥብ ይወሰዳል። ሰዓቱም ከተቻለ ጎሕ ሲቀድ፣ ሴቶችና ልጆች ጀሪካን ይዘው ከመምጣታቸው በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ በጠዋት ግርግር የሚቀዳው ውሃ ራሱ ወለሉን ያወርደዋልና። ቢያንስ አንድ ዓመት፣ በበልግም በክረምትም፣ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ መመዝገብ አለበት። ከካባው ተፅዕኖ ውጭ፣ ነገር ግን በተመሳሳይ ንብርብር ላይ ያለ አንድ ሩቅ ጉድጓድም አብሮ ይለካል። የሩቁና የቅርቡ ጉድጓድ አብረው ከወረዱ ዝናቡ ነው፤ የቅርቡ ብቻውን ከወረደ ካባው ነው። ከዚህ ፈጣን የሆነ ማረጋገጫም አለ። ፓምፑ ለጥቂት ቀናት ቆሞ በአቅራቢያ ያለው ጉድጓድ ውሃ ከተነሣ፣ ዝናብም ካልዘነበ፣ ብዙ የሚያከራክር ነገር አይቀርም።

ሕጉ ለዚህ ጉዳይ ባዶ አይደለም። የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል፤ ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውለውን ከሌላው ሁሉ ያስቀድማል። ውሃን ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል ሲል በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድን፣ ባህላዊ መስኖንና ባህላዊ ማዕድን ማውጣትን ግን ከፈቃድ ነጻ ያደርጋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም ጉዳት የሚያስከትሉ ሥራዎች ከመጀመራቸው በፊት እንዲመረመሩ ያስገድዳል። በእጅ የተቆፈረው ጉድጓድ ከፈቃድ መላቀቁ ለገበሬው ትልቅ እፎይታ ነው፤ ነገር ግን ጥላ አለው። ፈቃድ የሌለው ጉድጓድ ፋይል የለውም፤ ጥልቀቱ፣ ውሃው የቆመበት ቁመት፣ የተቆፈረበት ዓመት የትም አይጻፍም። ለካባ ፈቃድ ሲጠየቅ በካርታው ላይ የማይታይ ጉድጓድ ሲነጥፍ ማስረጃ ያጣል። ስለዚህ ጥሩ የተፅዕኖ ግምገማ የሚጀምረው በግማሽ ኪሎ ሜትር ወይም በአንድ ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ጉድጓድና ምንጭ በእግር እየዞሩ በመመዝገብ ነው፤ ቀበሌው የማያውቃቸውንም ጭምር።

ጉዳቱን ለመቀነስ ከሁሉ የሚሻለው ውሃውን ጨርሶ አለመሳብ ነው። ረጅም ክንድ ያለው ኤክስካቫተር ጠጠሩን ከውሃ ሥር ማውጣት ይችላል፤ ጠጠሩ ዳር ላይ ተከምሮ ውሃው ወደ ካባው ተንጠፍጥፎ ይመለሳል። ሥራው ዝግ ይላል፣ ጥልቀቱም ይወሰናል፤ የሾጣጣው ጥልቀት ግን እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል። መሳብ ግድ ከሆነ ካባውን በጠባብ ክፍሎች ከፍሎ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ፣ በአንድ ጊዜ የሚደርቀውን ስፋት ይቀንሳል። የተሳበውን ውሃ ወደ ወንዝ ከመልቀቅ ይልቅ በካባውና በጉድጓዶቹ መካከል በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ማስረግ ደግሞ ሾጣጣው ወደ ጉድጓዶቹ እንዳይሻገር ይረዳል። ውሃው መጀመሪያ በማጠራቀሚያ ገንዳ ካልጠለለ ግን ቦዩ በጭቃ ይደፈንና በጥቂት ሳምንት ውስጥ ማስረጉን ያቆማል። ጉድጓዶችን አስቀድሞ ማጥለቅም አማራጭ ነው፤ ወጪውን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ገልባጭ መኪና በፊት መጻፍ አለበት።

ፓምፑ ሲቆም ውሃው ይመለሳል። ወንዝ ቅርብ ከሆነና ክረምቱ ከሰመረ ሾጣጣው በአንድ ወቅት ሊሞላ ይችላል፤ በደካማ ዝናብ ከአንድ ዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። ካባው ራሱ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። የኩሬው ወለል አግድም ሲሆን የከርሰ ምድሩ ውሃ ግን ተዳፋት ላይ ነበር፤ ስለዚህ ከኩሬው በላይ በኩል ያሉ ጉድጓዶች በጥቂቱ ይወርዳሉ፣ ከታች ያሉት በጥቂቱ ይነሣሉ። በተጨማሪ ኩሬው ፀሐይ ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ሞቃት አካባቢ ከክፍት ውሃ በዓመት የሚተነው ከሚዘንበው በአንድ ሜትር ያህል ቢበልጥ፣ አንድ ሄክታር ኩሬ በየዓመቱ 10,000 ሜትር ኩብ ከከርሰ ምድሩ ይወስዳል፤ 1,100 ሰው በዓመት የሚጠጣው ማለት ነው። ከላይ የተሰላው ፓምፕ ይህን ያህል የሚያወጣው በ28 ሰዓት ነው። ትነቱ በፓምፑ ፊት ኢምንት ቢመስልም ማጥፊያ ቁልፍ የለውም።

ውሃውን ሲያጣራ የነበረው አፈርና አሸዋ ከላዩ ስለተነሣም ኩሬው ለብክለት የተጋለጠ ይሆናል። የሞተር ዘይት፣ የከብት እበት፣ ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያ በቀጥታ ወደ ጉድጓዶቹ ንብርብር ይገባሉ። ካባውን መልሶ መሙላት ይህን ያስቀራል፤ የሚሞላበት ነገር ግን ይመረጣል። ጥቅጥቅ ባለ ሸክላ ከተሞላ ውሃው በዚያ ማለፍ ስለማይችል ዙሪያውን ይዞራል፤ ከበላይ በኩል ያለው መሬት ይረጥባል፣ ከበታች ያለው ይደርቃል። በከተማ ቆሻሻ ከተሞላ የሚወርደው እዥ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ንጹሕ አፈርና የተረፈ ድንጋይ፣ ከላዩ ቀድሞ ተነሥቶ ለብቻው የተከመረው ለም አፈር ሲመለስበት ማሳውም ውሃውም ወደ ቀድሞው ሁኔታ ይቀርባሉ፤ ለዚህ ደግሞ ለሙ አፈር ካባው ሲከፈት ሳይሸጥ መቆየት አለበት።